ገደሉ ዝም ያለው ሰው

በሕይወቴ እምላለሁ፣ ልጄ የምስራች፤ አንዲት ቃል ብዋሽ የቀረችኝ አንዲት ጥርሴ ትርገፍ! ከጠዋት ጀምሮ ስልክሽን እያነሳሽ መልሰሽ ጠረጴዛው ላይ ስትደፊው እሰማለሁ። «አባባ፣ ፎቶዬን አንድ ሰው እንኳ አልወደደልኝም። ማንም ካላየኝ ምን ዋጋ አለኝ?» አልሽኝ። እንግዲያው ስሚ።

አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ማለዳ ማለዳ አፋፉ ላይ ቆሞ የራሱን ስም ይጣራል፤ ገደል ማሚቶውም መልሶ ይጠራለታል። ያን ሲሰማ ደረቱ ይነፋል፣ ቁርሱ ይጣፍጠዋል። ድምፁስ ብትይ! በሰማይ የምታልፍ አሞራ ደንግጣ ዱብ ትል ነበር። ሚስቱ «አንተ ሰው፣ ገደሉ እኮ ለአህያችንም ይመልስላታል» ብትለው በአህያዋ ቀናና ከአፋፉ አርቆ አሰራት።

አንድ ክረምት ዝናቡ ጠናና የማዶው ገደል ተናደ። ሰውዬው እንደ ልማዱ ወጥቶ ተጣራ። ዝም። ደግሞ ተጣራ። ዝም። ቤት ገብቶ ጋቢውን እስከ አናቱ ተከናንቦ ተጋደመና፣ «አንቺ ሴት፣ እኔ የለሁም። ለእድሩ ንገሪ» አላት።

«ከሌለህማ ቁርስህን ለውሻው ልስጠው?»

«ስጪው።»

ቁርሱን እምቢ ብሎ አያውቅምና አሁን ደነገጠች፤ እየጮኸች ወጣች። ጥሩምባው ተነፋ። አገሬው እንደ ጎርፍ መጣ፣ የእድሩ ድንኳንም መጣ። ምሰሶውን አቆሙ፤ ድንኳኑ ተኛ። ደግመው አቆሙ፤ የእድሩ ሰብሳቢ ከነባርኔጣው ከሥሩ ቀረ።

«ጎበዝ! ይህን ድንኳን ሁልጊዜ የሚወጥረው ማነው?» ሲል ከሸራው ውስጥ ጮኸ።

«ሟቹ ነዋ!»

ያን ጊዜ ለቅሶው የምር ሆነ። አንዲት ሴት፣ «እናቴን ያጣሁ ለት በዚያ ዶፍ ካስማ ሲያጠብቅ አደረ እኮ! አንድ ቀን እንኳ ውለታውን አንስቶብኝ አያውቅም» ብላ ደረቷን መታች።

ሰውዬው በጋቢው ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ሰማ። ለቅሶውን ቻለው። ካስማው በተሳሳተ ወገን ሲመታ መስማት ግን አልቻለም።

«ኧረ በነፋሱ በኩል! በነፋሱ በኩል ምቱት!» እያለ ዘሎ ወጣ።

ለቀስተኛው አጥር እየዘለለ ተበተነ። እሱ ማንንም አላየ፤ ገመዱን ሳበ፣ ካስማውን መታ፣ የገዛ ለቅሶውን ድንኳን ቀጥ አድርጎ አቆመ። ሚስቱ መጀመሪያ በጥፊ አጮለችው፣ ቀጥላ አቀፈችው። የሸሸው ሁሉ ተመልሶ፣ የተቀቀለውን ንፍሮ እየሳቀ ጨረሰ።

ከዚያ ወዲያ አፋፉ ላይ ወጥቶ አልጮኸም። አህያዋ ግን ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ትጮኻለች፣ ማንም አይመልስላትም፣ ሣሯን ትግጣለች።

የምስራች፣ ስልክሽ ያ ገደል ነው። ቢመልስልሽ አውቆሽ አይደለም፤ ዝም ቢልሽም ንቆሽ አይደለም። ሰውዬው ገደሉ ሲጠራውም፣ ገደሉ ዝም ሲለውም ያው ሰው ነበረ። አንቺም ያው ነሽ። የዓይን ጠብታዬን ልታደርጊልኝ ስትመጪ፣ እንዳይቀዘቅዘኝ እጅሽን አስቀድመሽ በትንፋሽሽ ታሞቂያለሽ። ማን አየሽ? እኔ እንኳ በዚህ ዓይኔ አላይሽም። እጅሽን ግን ከሺህ እጅ መሀል እለየዋለሁ።

ሳቅሽ? እሰይ! በይ ጥርሴ ሳትረግፍ አንዲት ነገር ላርም፤ አሞራዋ አልወደቀችም። ደክሟት ነው ያረፈችው።