ሦስት ጉሮሮ ለሁለት ሆድ

እንደማታምኑኝ እምላለሁ፤ ሐሰት ከሆነ የዓመት እህሌን ነቀዝ ይብላው። ያመነኝ ሰው ካለም እሱን ነው የምጠረጥረው።

በአንድ ወቅት ጨረቻ በምትባል መንደር፣ ዳገቷ ከመርዘሙ የተነሣ ፍየል እንኳ መሀል ላይ ቁጭ ብላ ስንቅ በምትፈታበት አገር፣ አያ ቸኮል የሚባሉ ሰው ነበሩ። አያ ቸኮል ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ሞተር ሳይክል ሠሩ። ገዙ አላልኩም፤ ሠሩ። ጎማዎቿና ሆድ ዕቃዋ ጣሊያን ጥሎት ከሄደ ሞተር፣ መሪዋ ከወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ሞተር፣ ኮርቻዋ ከሞተችባቸው በቅሎ። ስታምር ስታምር፣ ዶሮዎች እንኳ አፍረው ጥላዋ ላይ አይኩሱም ነበር። የጎደላት ካርቡራቶር ብቻ ነው። እሱን ሲፈልጉ ሞት ቀደማቸው።

ሲያጣጥሩ ወዳጃቸውን አያ ሸጋውን፣ የመንደሩን ሽማግሌ ዳኛ፣ አስጠሩና «ሸጋው፣ ሞተሬ እንዳትከፋፈል አደራ» አሉ። «ከደጄ ተነሥታ፣ የአሞራ ገደልን አፋፍ ረግጣ፣ እያገሳች እንድትመለስ ላደረገ ልጄ ስጥልኝ።»

«ቃሌ ነው» አሉ አያ ሸጋው።

ለምን ነገር ቃል እንደገቡ ግን አልገባቸውም። ድንበር የገፋ፣ ከብቱን ሰው ማሳ የለቀቀ፣ ሚስቱን ያስኮረፈ ሲዳኙ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ሞተር ዳኝተው አያውቁም።

አያ ቸኮል ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ታላቁ ባይህ፣ መካከለኛው ምንይችል፣ ታናሹ ልየው። አንዲት ሴት ልጅም አለች፤ ደብሪቱ ትባላለች፣ ማዶ አግብታለች። የአባታቸው አርባ እንደወጣ ወንዶቹ ውርስ ሊካፈሉ ተሰበሰቡ። ደብሪቱ «ድርሻዋን በሠርጓ ወስዳለች» ተብላ አልተጠራችም። በአገሩ ልማድ ርስት በገመድ ተለክቶ በዕጣ ይወጣል። መሬቱን ለክተው ሲያበቁ እጃቸው ስለለመደ ይሁን እንጃ፣ ገመዱን ሞተሯ ላይ ዘረጉት። ሁለት ቦታ በከሰል አሰመሩባት፤ ለአንዱ የፊት ጎማዋ፣ ለአንዱ ሆድ ዕቃዋ፣ ለአንዱ ጭራዋ። አያ ሸጋው እያለከለኩ ሲደርሱ የብረት መጋዙ ዘይት ተቀብቶ ነበር።

«ቁሙ» አሉ። «ሟች በቃል አስሮኛል። ለመሆኑ ይቺ ካርቡራቶር የምትሉት ምንድን ናት?»

«ጉሮሮ ናት፣ አያ» አለ ባይህ። «አየሩንና ቤንዚኑን አዋሕዳ ለሞተሩ ታጎርሰዋለች። ይቺ ሞተር ደግሞ ሁለት ትፈልጋለች።»

«ሁለት ጉሮሮ ለምን?»

«ሁለት ሆድ ስላላት።»

አያ ሸጋው አሰቡ። «ላሜ አራት ሆድ አላት፤ ጉሮሮዋ ግን አንድ ነው።»

ሦስቱ ወንድማማቾች ተያዩ። በዚያው ግራ እንደተጋቡ አያ ሸጋው የአሥራ አምስት ቀን ቀጠሮ ሰጡ፤ ጉሮሮ ያለው ጉሮሮውን ይዞ ይቅረብ አሉ።

የባይህ ስጦታ ጆሮው ነው። ጤፍ ስታሸት ይሰማል፤ ጎረቤት ሲያማው ደግሞ ገና ሳይጀመር። ከተማ ወርዶ ቆራሌዎች ያከማቹት የብረት ተራራ ላይ ወጣና እያንዳንዱን በጥፍሩ እያንኳኳ ጆሮውን ደገነ። ስድስት ቀን አንኳኳ። በሰባተኛው ቀን አንድ ዝገት ከሥር «አቤት» አለው። ቆፍሮ ሲያወጣው በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ካርቡራቶር ነው፤ የዚያችው ሞተር የገዛ ጉሮሮ። አቅፎት ተመለሰ።

የምንይችል ስጦታ እጁ ነው። ለንብ ኮርቻ ይሰፋል፤ ንቧ ከተስማማች። እሱ ከቤት አልወጣም። ሚስቱ በሠርጓ ያመጣችውን የናስ ሙቀጫ አቅልጦ፣ በአሸዋ ቅርጽ አፍስሶ፣ በሞረድ ሞረደው። ቀዳዳዎቹን የበሳው በመርፌ ነው። ሚስቱ እስከ ዛሬ ነጭ ሽንኩርት በድንጋይ ትወቅጣለች፤ አታናግረውም።

የልየው ስጦታ አፍንጫው ነው። ቤንዚን በዝቶ እንደሆነ፣ አንሶ እንደሆነ፣ ከሦስት ማሳ ማዶ አሽትቶ ይናገራል። ሽንኩርቱን በመስኖ የሚያጠጣበት የውኃ መሳቢያ ሞተር ነበረው። የዚያን ካርቡራቶር ፈታና ኪሱ ከተተ። ሽንኩርቱ ሲጠወልግ ዞር ብሎ አላየም፤ ይሸተው ግን ነበር።

ቀኑ ደረሰ። የሞተሯ አፍ ሁለት፣ ጉሮሮው ሦስት። አያ ሸጋው ዕጣ አስወጡ፤ የባይህና የምንይችል ወጥቶ ተገጠመ፣ የልየው ኪሱ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ማን ይንዳት የሚል ጠብ ተነሣ።

«ምንይችል ከነዳትማ የእኔን አፍኖ የራሱን ያስጋልባል» አለ ባይህ።

«አንተ ብትነዳት የእኔን በሳል ትገድለዋለህ» አለ ምንይችል።

«ለነገሩ ሁለታችሁም መንዳት አትችሉም» አለ ልየው። እሱም አይችልም።

በመጨረሻ «ድርሻ የሌላት አታዳላም» ተባለና ደብሪቱ ከአማቷ ቤት ተጠራች። አባቷ በሕይወት ሳሉ፣ ጉሮሮ የሌላትን ሞተር ከነልጃቸው ቁልቁለት ላይ እየለቀቁ አስተምረዋታል። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ምስክር ያስፈልጋልና አያ ሸጋው ከኋላዋ ተቀመጡ። መቀነቷን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ከዚያ በኋላ የመሰከሩትን ሁሉ በጆሯቸው ነው የመሰከሩት።

ደብሪቱ መርገጫውን ረገጠች። የምንይችል ጉሮሮ ዝም አለ። የባይህ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፣ በሦስተኛው አገሳ። ሦስት ወንዝ ማዶ ያለ ጅብ ልጆቹን ሰብስቦ አገር ለቀቀ። በባይህ ጉሮሮ ጩኸት የምንይችልም ባነነና ተከተለ። ሞተሯ ከደጅ ወጣች፤ ሦስቱ ወንድማማቾች ከነመፍቻቸው ከኋላ ሮጡ።

ከዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ የባይህ ጉሮሮ ሰጠመ። ቤንዚን ሞልቶት ታፈነና ዝም አለ። እንግዲህ አንድ በሬ ሞቶበት በቀረው የሚያርስ ሰው አይታችሁ እንደሆነ እንዲያ ነው። የምንይችል ብቻውን ጎተተ፤ ሞተሯ በግማሽ ሆዷ አቃሰተች።

«አያ ሸጋው፣ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉልኝ» አለች ደብሪቱ።

«ወዴት ነው ፊት?» አሉ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

መንገዱን እንደ እባብ እያጠማዘዘች ወጣች። አፋፉን ረገጡ። እዚያ ግን ንፋሱ የቀዘቀዘ ነውና ሞተሯ ጭጭ አለች። ከኋላ ሮጦ የደረሰው ባይህ ጆሮውን ሰጠ፤ ምንም። ምንይችል በእጁ ዳበሰ፤ ምንም። የእሱ ጉሮሮ ሰው ካልቀሰቀሰው እንደማይነሣ ታየ፤ ቀስቃሹ የባይህ ደግሞ ቤንዚን ውስጥ ተኝቷል።

ያን ጊዜ ልየው ምላሱን አውጥቶ ደረሰ። የባይህን ፈታና የውኃ መሳቢያውን ጉሮሮ በቦታው ገጠመ። አሸተተ። ቡሎኗን በጤፍ ፍሬ ልክ አዞረ። «አሁን ርገጪ» አለ። ሞተሯ አገሳች። አሞራዎቹ ገደሉን ለሦስት ቀን ለሌላ አከራዩት። ደብሪቱም ዳኛውን ከኋላዋ እንዳሳፈረች፣ በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ ወርዳ ደጁ ላይ ገጭ አድርጋ አቆመቻት።

አያ ሸጋው ዓይናቸውን ሲገልጡ ሦስቱ ቀድመው ቆመው ነበር፤ እንዴት እንደቀደሙ እኔን አትጠይቁኝ።

«ያለ እኔ ከደጅ አትወጣም ነበር» አለ ባይህ።

«ወጥታስ? ከዳገቱ ወገብ ላይ ትቀር ነበር፤ አፋፍ ያደረሳት የእኔ ነው» አለ ምንይችል።

«አባታችን ደርሳ ትቅር አላለም፤ ትመለስ ነው ያለው» አለ ልየው።

«ቁልቁለቱንማ ድንጋይም ይወርደዋል» አለ ባይህ።

«ድንጋይ እያገሳ አይወርድም» አለ ልየው።

አያ ሸጋው ለባይህ ሊፈርዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንይችልን ሲያዩ ዘጉት። ለምንይችል ሊፈርዱ ከፈቱት፤ ልየውን አዩና ዘጉት። አርባ ዓመት የዳኘ አፍ እንደ ዓሣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የመጀመሪያው ባይኖር ሁለተኛው የለም። ሁለተኛው ባይኖር ሦስተኛው ኪስ ውስጥ በቀረ። ሦስተኛው ባይኖር ሞተሯ እስከ ዛሬ አፋፉ ላይ ዝንጀሮ ይወጣባት ነበር። ታዲያ ማን? ነገሩን ቢገለብጡት ያው፣ ቢያገላብጡት ያው።

«ካልተፈረደማ» አለ ባይህ ቀስ ብሎ፣ «በከሰሉ ምልክት እንጨርሰው።» መጋዙን አነሣ። ሁለቱ ወንድሞቹ ከወዲህና ከወዲያ ሞተሯን ያዙለት። ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት በዚያች ሰዓት ነው።

አያ ሸጋው ደነገጡና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እናንተ ሰዎች፣ እኔ እንደሆነ ጠፍቶብኛል። ያስነሣት አለ፣ ያወጣት አለ፣ የመለሳት አለ። ለማን ትገባለች? ፍረዱ።»

ገሚሱ ለጆሮ፣ ገሚሱ ለእጅ፣ ገሚሱ ለአፍንጫ ፈረደ። መንደሩ ሦስት ገሚስ ወጣው። እናንተስ ብትሆኑ ለማን ትፈርዱ ነበር? ቶሎ በሉ፤ መጋዙ የመጀመሪያውን ከሰል ነክቷል።

ያን ጊዜ ከደጁ ጥግ ገብስ አስጥተው ዶሮ የሚከለክሉት እናታቸው፣ እትየ ማንጠግቦሽ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ አመለጣቸው፦

«እኔ የጉሮሮውን ነገር አላውቅም። ከዚህ ደጅ ስትወጣም ስትመለስም ሞተሯ ላይ ያየሁት ልጅ ግን ደብሪቱን ነው። እናንተ ሦስታችሁ ከኋላ ስትሮጡ አልነበር?»