እማማ ደብሪቱና ቱቦው

ተረት ተረት ስላችሁ የመሠረት በሉኝና ስሙኝ።

መድኃኒት በሚፈተንበት ቤት ነጫጭ አይጦች ይኖሩ ነበር። አንድ ጊዜ የሕፃናትን ሳል ያድናል የተባለ አዲስ መድኃኒት መጣ። አንድ ረጅም ቱቦ በአይጦቹ ጉሮሮ እየገባ መድኃኒቱን ያንቆረቁርላቸው ጀመር። የአንዳንዶቹ ጉሮሮ ቆሰለ፤ ሌሎቹም መድኃኒቱ ሳንባቸው ገብቶ ታፍነው ሞቱ። መድኃኒቱን የምትፈትነው ሐኪም አዝና፣ «መርዝ ሳይሆን አይቀርም፤ አንድ አይጥ እንኳ ከተጨመረ መድኃኒቱ ይደፋል» አለች።

ተራው እማማ ደብሪቱ ለሚሏት ኩሩ አሮጊት አይጥ ደረሰ። ጥርሷን ነክሳ አንገቷን ቀና አደረገች።

ቱቦው ተቆጣ። «እኔ ጠብታ ሳላባክን ሆድ አደርሳለሁ! አንቺ ማን ነሽና ነው የምትከለክዪኝ?»

«የአፌ ባለቤት ነኛ!» አለችው። «ልጆቼን የገደለው መድኃኒቱ ይሁን አንተ፣ በራሴ ምላስ አጣራለሁ።»

ከሐኪሟ እጅ ሾልካ ወረደችና መድኃኒቱ ከተቀዳበት ሳህን ላይ የቀረውን ልሳ ጨረሰችው። አይጦቹ አለቀሱላት። በማግስቱ ግን እማማ ደብሪቱ ጢሟን እያበጠረች ተገኘች።

ሐኪሟም አይጦቹን የገደለው መድኃኒቱ ሳይሆን ቱቦው እንደሆነ ገባት። ከዚያም ቱቦውን አስወግዳ መድኃኒቱን ለሁሉም በሳህን ቀዳችላቸው። አንድም አይጥ አልታመመ። መድኃኒቱም የሚያስላቸው ሕፃናት ዘንድ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሳህን ሲቀርብ፣ ከእማማ ደብሪቱ ቀድሞ የቀመሰ አይጥ የለም።