አምስተኛው ሽንኩርት

ጣታችሁን አውጡልኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ መቁጠር አለ።

ወንዝ የሚለያቸው ሁለት አገሮች ነበሩ፤ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ይባላሉ። አንድ ቀን ወዲህ ማዶ ግብዣ ደገሰና የወዲያ ማዶን አምባሳደር ከኋላ ወንበር አስቀመጠው። ወዲያ ማዶ ተቀየመ። ሽንኩርት ጭነው ድንበር የተሻገሩ አራት መኪናዎችን ያዘና ሰዎቹን እስር ቤት ከተተ። የወዲህ ማዶ ሬዲዮ መኪናዎቹን ቆጠረና «አራቱ ሽንኩርቶች» የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙ ሰው አፍ ላይ ጣፈጠ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር «አራቱ ሽንኩርቶች እንዴት ሆኑ?» መባባል ተጀመረ።

ሰዎቹ ግን አምስት ነበሩ። አምስተኛው ጎማ ጠጋኙ አንዳርጌ ነው፤ መኪናዎቹ ሲያዙ ጆንያው ላይ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። አብሮ መታሰሩን ሚስቱ ትርንጎ ያወቀችው ከሾፌሮቹ አንዱ በላከው ወረቀት ነው። ሬዲዮ በከፈተች ቁጥር የምትሰማው አራት ነው። አራት ተብሎ አራት ከተፈታ የእሷ ሰው እዚያው መቅረቱ ነዋ። የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፤ አራት የሚሉት ሰዎች አምስት እንዲሉላት።

ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄደች። «ወንድሜ፣ አምስት ናቸው። አምስት በልልኝ» አለችው ዜና አንባቢውን።

«እትዬ፣ ጋዜጣውም አራት ብሏል። ጋዜጣው አምስት ሳይጽፍ እኔን ብቻዬን ምን አግብቶኝ?» አላት።

ሬዲዮው አምስት አልልም አለ፤ አንዳርጌም ሳይቆጠር ዋለ።

ወደ ጋዜጣው ሄደች። አዘጋጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «አራት የሚለው ርዕስ ከገጹ ልክ ጋር ገጥሟል፣ እትዬ። ሚኒስቴሩ አምስት ብሎ ከፈረመ ግን ገጹን አሰፋዋለሁ።»

ጋዜጣው አምስት አልጽፍም አለ፣ ሬዲዮው አምስት አልልም አለ፤ አንዳርጌም ሳይቆጠር ዋለ።

ወደ ሚኒስቴሩ ሄደች። ነገ ይመለሱ፣ ከነገ ወዲያ ይመለሱ ተባለች፤ ተመለሰች። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ተገኘ። ባሏ እንደታሰረ ስትነግረው ከልቡ አዘነ፤ አዝኖም ሻይ አዘዘላት። «እኔ ከዚህ ወንበር ሆኜ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ፣ እመቤት? ኤምባሲያችን አምስት ብሎ ካላስተላለፈ እጄ የታሰረ ነው።»

«የባሌን ያህል?» አለች ትርንጎ፤ ሻዩንም አልጠጣችም።

ሚኒስቴሩ አምስት አልፈርምም አለ፣ ጋዜጣው አምስት አልጽፍም አለ፣ ሬዲዮው አምስት አልልም አለ፤ አንዳርጌም ሳይቆጠር ዋለ።

አውቶቡስ ተሳፈረች፣ ድልድዩን በእግሯ ተሻገረች፣ ወዲያ ማዶ ካለው ኤምባሲ ደረሰች። ጸሐፊው በመስኮት አነጋገራት። «እኛ የምናስተላልፈው እስር ቤቱ የቆጠረውን ነው። ዘበኛው አምስት ይቁጠርና ያን ጊዜ ይምጡ።»

ኤምባሲው አምስት አላስተላልፍም አለ፣ ሚኒስቴሩ አምስት አልፈርምም አለ፣ ጋዜጣው አምስት አልጽፍም አለ፣ ሬዲዮው አምስት አልልም አለ፤ አንዳርጌም ሳይቆጠር ዋለ።

ወደ እስር ቤቱ ሄደች። በሩ ላይ አስር አለቃ ደንበሩ የሚባሉ ዘበኛ ትንሽ ሬዲዮ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። የሚያዳምጡትም የወዲህ ማዶን ሬዲዮ ነው፤ ዘፈኑ ደስ ይላቸዋል።

«አባቴ፣ አምስት ብለው ይቁጠሩልኝ።»

«የገዛ ሬዲዮአችሁ አራት እያለ? የእናንተን ሰው እኔ ከእናንተ በላይ ላውቅ ነው እንዴ?»

ዘበኛው አምስት አልቆጥርም አሉ፣ ኤምባሲው አምስት አላስተላልፍም አለ፣ ሚኒስቴሩ አምስት አልፈርምም አለ፣ ጋዜጣው አምስት አልጽፍም አለ፣ ሬዲዮው አምስት አልልም አለ፤ አንዳርጌም ሳይቆጠር ዋለ።

ትርንጎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ መንገድ ዞሮ ዞሮ ከጀመረችበት ሬዲዮ ላይ አረፈ። መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ ተናደደች። ከዚያ ንዴቷ ወደ ተንኮል ዞረ።

«አባቴ፣ እስረኛዎ ስንት ነው?»

«አራት አልኩሽ።»

«በፍርግርጉ በኩል ከአራቱ ኋላ ቆሞ እጁን የሚያውለበልብልኝስ?»

አስር አለቃው ዞር ብለው አዩ። «እሱ… ትርፍ ነው።»

«ትርፍ ከሆነ እስረኛ አይደለም። እስረኛ ያልሆነ ሰው እስር ቤት ውስጥ ሲኖር ቢገኝ የሚጠየቀው ማን ነው?»

አስር አለቃውን ላብ አጠመቃቸው። በሩን ገርበብ አደረጉና «ውሰጂልኝ፣ ሰው ሳያይ» አሏት።

አንዳርጌ ቤቱ ገባ፤ እህል ግን አልወርድለት አለ። «ጓደኞቼ እዚያ ተቀምጠው እንዴት ልብላ? አራቱም ለእኔ ከድርሻቸው እየቆረሱ ነው ያኖሩኝ» አላት።

ትርንጎ እጁን ይዛ በቀጥታ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ወሰደችው። ዜና አንባቢው ሰውየውን በዓይኑ አየ፣ በእጁ ጨበጠ፣ መካድ አቃተው።

«አምስት ነበሩ በል» አለችው። «ይኼኛው የት እንዳለ ግን ዛሬ አትናገር። ለነገ አቆየው፤ የሚጠብቀው ወሬ ያለው ሰው ሬዲዮህን አይዘጋም።»

ይህች ምክር ለዜና አንባቢው ማር ሆነችለት። ሬዲዮው አምስት አለ። ሬዲዮው ስላለ ጋዜጣው አምስት ጻፈ፣ ጋዜጣው ስለጻፈ ሚኒስቴሩ አምስት ፈረመ፣ ሚኒስቴሩ ስለፈረመ ኤምባሲው አምስት አስተላለፈ፣ ኤምባሲው ስላስተላለፈ ዘበኛው አምስት ሊቆጥሩ ተነሡ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የአስር አለቃ ደንበሩ ጣት አየር ላይ ቀረ።

ለአለቃቸው ሮጠው አንድ ሰው እንደጎደለ ብቻ ነገሩ። አለቃው ፊቱ አመድ መሰለ። «አንድ ሰው አጥፍተናል ማለት ነው። ኤምባሲው መጥቶ ሳይቆጥር በሩን ክፈትና ልቀቃቸው። ‹ሁሉም ተለቀዋል› ብለህ ጻፍ። ሁሉም ካልክ ማንም ስንት ብሎ አይጠይቅህም።»

አራቱ በዚያው ቀን ድልድዩን ተሻገሩ፣ በቀጥታም አንዳርጌ ቤት ገቡ። አምስቱም ከአንድ ትሪ ሲበሉ ሬዲዮው «አምስቱ ሽንኩርቶች በሰላም ገቡ» አለ። ትርንጎ ተነሥታ ዘጋችው። ከዚያ ጎማ ያጠቆረውን የአንዳርጌን እጅ ነካ አደረገችና «አንድ» ብላ ቆጠረች። ከዚያ በላይ መቁጠር አላስፈለጋትም።

ተረቴ አለቀ። አሁን ጣታችሁን መልሳችሁ ቁጠሩ። ከጎደለ ራሳችሁ ፈልጉት፤ ሬዲዮውን አትጠይቁ።