ከነእትዬ

ከግራር አፋፍ ገበያ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ የያዘ ሰው፣ ወፍጮ ቤቱን እንዳለፈ አንድ ጠባብ ሰፈር ያገኛል። ሠላሳ አራት ቤት ነው፤ ሁለቱ ሰው የለባቸውም፣ አንዱ ደግሞ ቤት ይባል ወይስ በረት ይባል ገና አልተቆረጠለትም። ሰፈሩ ከነእትዬ ይባላል። እንግዳ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ቀሪውን ቃል ይጠብቃል፤ ሳይመጣለት ሲቀርም «ከነእትዬ ምን?» ብሎ ይጠይቃል። ቀሪ ቃል የለውም፤ ስሙ እዚያው ላይ ያበቃል። ስሙን ሰምቶ የሚስቅ ብዙ ነው፤ እዚያ ቤት ለመግዛት የመጣ ሰው ግን ታሪኩን እስኪሰማ ድረስ ብቻ ነው የሚስቀው።

ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት፣ ከተማዋ የሐሙስ ገበያና ጥቂት ጎጆ ብቻ በነበረች ጊዜ፣ ከቆላ ማርና ቆዳ በበቅሎ እየጫነ የሚመላለስ አጥናፉ የሚባል ነጋዴ ነበረ። ይህ ሰው የግራዝማች ወልደሰንበትን ልጅ የሺመቤትን ወዶ ሽማግሌ ቢልክ፣ ግራዝማች «ልጄን ለመንገድ አልድርም። እከተማው ውስጥ ቤት ያለው እንደሆነ ይምጣ፤ ከሌለው በቅሎውን ያግባ» ብለው መለሱት ይባላል። አጥናፉም በቅሎውን ቢወድም ይህን ያህል ስላልነበረ፣ ቤት ፍለጋ ተነሣ።

በዚያ ዘመን ደግሞ ቤት የሸጠ ሰው መዝጊያውን ነቅሎ ይዞ ቢሄድ ነውር አልነበረም አሉ፤ ጥርብ ሳንቃ ውድ ነበርና። መስኮት የሚነቅል ነበረ፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ የሚቀንስ ነበረ፤ አንዱማ ምሰሶውን አቅፎ ሲነቀንቅ ገዢው ቢደርስበት «እየተሰናበትኩት ነው» አለ ይባላል። አጥናፉ ራሱ ከዚህ በፊት በሌላ ከተማ ደህና ቤት አይቶ ገዝቶ፣ ዕቃውን ጭኖ ሲመለስ አራት ግድግዳና አንዲት ዶሮ ብቻ ጠብቀውታል። ዶሮዋም የጎረቤት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ነው ያየውን ሁሉ የሚቆጥር ሰው የሆነው።

በግራር አፋፍ ያገኘው ቤት በላቸው የሚባል ጎልማሳ ከአጎቱ የወረሰው ነበረ። በቤቱ ውስጥ የአጎቱ ሚስት የነበሩት፣ በላቸውንም እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉት እትዬ ማንያህልሻል ይኖሩበታል። በላቸው ቤቱን ሸጦ በሩቅ አገር ሊነግድ አስቧል፤ ለእትዬ ግን አልነገራቸውም፤ ቢነግራቸው ፊታቸውን ማየት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ አጥናፉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ሲቆጥር፣ የዛገውንም ለብቻ ሲቆጥር፣ እትዬ ጣሪያ ጠጋኝ መጣልኝ ብለው «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ በምሥራቁ በኩል ነው የሚያፈሰው» ይሉት ነበር። አጥናፉም ይህን ሰምቶ ዋጋ አስቀነሰበት።

የሽያጩ ዕለት ሽማግሌዎች በግቢው ውስጥ ተቀመጡ። እትዬ ቤት ውስጥ ጥጥ ይፈትሉ ነበር፤ ግድግዳው ጭቃ ነውና የውጭው ንግግር ቃል በቃል ይገባል። አጥናፉ ተነሥቶ «ቤቱን ገዝቻለሁ፣ ከነመዝጊያው» አለ።

«ከነመዝጊያው» አለ በላቸው።

«ከነመስኮቱ።»

«ከነመስኮቱ።»

«ከነቆርቆሮው፣ ከነምስማሩ፣ ከነምሰሶው፣ ከነመደቡ፣ ከነጉልቻው…»

ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የነበሩት አቶ ገብረየስ ፀሐይ ከብዷቸው «ወንድሜ፣ ከነጭሱ በልና እንነሣ» አሉት።

«ጭሱ ይቅርብኝ» አለ አጥናፉ ቀልድ ሳይመስለው። ነገር ግን ያልቆጠረው ነገር የቀረ መስሎት ስለሰጋ፣ አንዲት ቃል ጨመረ፦ «አሁን በዚህ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ፣ የሚንቀሳቀሰውም የማይንቀሳቀሰውም፣ ከቤቱ ጋር ነው። አንዲት ነገር ከጎደለች ሽያጩ ይፍረስ!»

በላቸው ደስ ብሎት ማለ። ገንዘቡን ተቀበለና፣ ከግቢው እንደወጣ ቀጥ ብሎ መንገድ ገባ ይባላል። ቤት ውስጥ የእንዝርቱ ድምፅ ቆመ።

አጥናፉ ዕቃውን ጭኖ ሲመጣ እትዬ ማንያህልሻልን መደቡ ላይ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠው አገኛቸው።

«እትዬ፣ አልተነሡም እንዴ? ቤቱን እኮ ገዛሁት» አላቸው።

«ሰምቻለሁ። ከነእኔ ነው የገዛኸው።»

«እርስዎ ሰው ነዎት እንጂ ዕቃ ነዎት?»

«የሚንቀሳቀስ አልክ፤ የማይንቀሳቀስ አልክ። ሦስተኛ አላስቀረህም። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ከማይንቀሳቀሰው ቁጠረኝ» አሉት።

አጥናፉ እየሮጠ ወደ አቶ ገብረየስ ሄደ። አቶ ገብረየስም የዕለቱን ሽማግሌዎች ሰብስበው ነገሩን አገላበጡት። በዚያን ሰዓት እትዬ ውስጥ ነበሩ ወይ ተባለ፤ ሲያስሉ ሰምተናል ተባለ። «እንግዲህ» አሉ አቶ ገብረየስ፣ «እሳቸውን ብታስወጣ አንዲት ነገር ጎደለች። አንዲት ነገር ከጎደለች ሽያጩ ፈረሰ። ያልነው እኛ አይደለንም።»

«ገንዘቤስ?»

«ገንዘብህ ከበላቸው ጋር ነው። በላቸው ያለበትን ስታውቅ ለእኛም ንገረን።»

ቤት ከሌለው የሺመቤትን አያገኝም፤ ቤቱ የሚገኘው ደግሞ ከእትዬ ጋር ነው። ስለዚህ አጥናፉ ዋጥ አድርጎ ገባ። ዕቃውን በአንድ ጥግ ደረደረ፤ እትዬም በሌላው ጥግ ፈተላቸውን ቀጠሉ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ነገር ግን እትዬ ማታ ማታ የበቅሎውን ቃጭል ሲሰሙ፣ «ባለቤቴ፣ መጣህ?» እያሉ ከውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጣራት ጀመሩ። የቤቱ ባለቤት ነውና ምን ይበሉት፣ በየዋህነት ነው ያሉት የሚሉ አሉ። እሳቸውን የሚያውቁ ግን ይህን አይቀበሉም።

ጎረቤት በአጥር ሰማች። ሐሙስ ገበያ ላይ ወሬው ከጨው ተራ ተነሥቶ ከብት ተራ ሲደርስ፣ አጥናፉ አሮጊት አግብቶ በሚስቱ ቤት የተቀመጠ ሰው ሆኖ አረፈ።

ግራዝማች ወልደሰንበት በነጋታው በበቅሎ መጡ። አልወረዱም፤ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «የዚህ ሰውዬ ባለቤት አንቺ ነሽ የሚባለው እውነት ነው?» አሉ።

«ሐሰት ነው» አሉ እትዬ ከመደቡ ሳይነሡ። «እሱ ነው የኔ ባለቤት።»

ግራዝማች ልጓሙን ሳቡና በቅሎዋን አዞሩ። አጥናፉ እትዬ እግር ሥር ወደቀ። «እትዬ፣ በማርያም ያስረዷቸው! የሚሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ!»

እትዬ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ከዚህ በኋላ ያሉትን ሽማግሌዎች ሲናገሩ ሳቃቸውን ይተዋሉ። «በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ከነጉልቻው ሸጠኝ» አሉ ይባላል። «ስትቆጥር ሰማሁህ። ምስማሩን እንኳ አልዘለልክም። አሁን ንገረኝ፤ እኔን ከምን ቆጠርከኝ?»

አጥናፉ ዙሪያውን አየ፤ መዝጊያውን አየ፣ ምሰሶውን አየ። የበቅሎዋ ኮቴ እየራቀ ነው። በመጨረሻ፣ ራሱም ሳይጠብቀው «ከእናት» አለ።

የማይንቀሳቀሱት ሴትዮ ተነሥተው እስከ አጥሩ ድረስ ሮጡ። «ግራዝማች! ይመለሱ! ልጅዎን ለልጄ የምለምነው እኔ አለሁ! እናቱ እያለሁ ከበር ይመለሳሉ?»

ግራዝማች በቅሎዋን አቆሙ። «ልጅሽ ነው? መቼ ወለድሽው?»

«አሁን ነው። ትንሽ ዘገየሁ» አሉ እትዬ።

ግራዝማች ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ተቆጥቶ መሄድ አይሆንላቸውምና ወረዱ። ገብተው ተቀመጡ፣ ጣሪያውን አዩ፣ እትዬን አዩ። «እኔ የጠየቅሁት ቤት ብቻ ነበረ» አሉ ይባላል፤ «ቤት ገዝቶ እናት የተመረቀለት ሰው ግን አይቼ አላውቅም።» የሺመቤት በፋሲካ ማግስት ተዳረች።

ከዓመታት በኋላ በላቸው ንግዱ ከስሮ፣ በእግሩ ተመልሶ ከበሩ ቆመ አሉ። እትዬ አስገቡት፣ አበሉት፣ ጋቢም አለበሱት። እዚያው ልቀመጥ ቢላቸው ግን፣ «ያን ዕለት ሲቆጠር አንተ ውጭ ነበርክ» ብለው አሰናበቱት። ይህን ከሰባት ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ስድስቱ አለቀሰ ይላሉ፣ አንዱ ደግሞ ሲወጣ መዝጊያውን ዳበስ ዳበስ አድርጎት ነበር ይላል።

ሰዉ ቤቱን «አጥናፉ ከነእትዬ የገዛው» እያለ ሲጠራ፣ ስሙ በአፍ ላይ እያጠረ ሄዶ ለሰፈሩ ሁሉ ሆነ። በዚያ ሰፈር ዛሬም ዋጋ ከመነሣቱ በፊት ገዢው ብቻውን ወደ ውስጥ ይገባል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ካለ ጉልበቱን ስሞ፣ «የሚንቀሳቀሱ ነዎት ወይስ የማይንቀሳቀሱ?» ብሎ ይጠይቃል። የማልንቀሳቀስ ነኝ ካሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚተኙበት ክፍል አብሮ ይዋዋላል፤ ሻጭም ገዢም ይህን ማስቀረት አይችሉም።

ዓምና አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ የእንግዳወርቅን ቤት ሊገዛ መጥቶ፣ ወጉ ተነግሮት ገባና የሻጩን ሽማግሌ አባት፣ አባባ ጥላዬን ጠየቃቸው። አባባ ጥላዬ ወጣቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ማታ ማታ ታንኮራፋለህ?» አሉት።

«አዎ አባባ፣ ትንሽ አንኮራፋለሁ» አለ ልጁ፣ መዋሸት ፈርቶ።

አባባ ጥላዬ ዱላቸውን አነሡ። «እንግዲያው» አሉ፣ «የምንቀሳቀስ ነኝ።»