የማየት ግብር

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እንቅልፍ የያዘው እዚያው ይተኛ። በሉ «ንገሪን» በሉኝ። አልሰማሁም፤ እራት አልበላችሁም እንዴ? እህ፣ አሁን ሆነ።

በድሮ ዘመን ጓንጉል የሚባል ገበሬና እንጉዳይ የምትባል ሚስቱ ነበሩ። ጓንጉል ቃሉን አክባሪ ነበር፤ ችግሩ የነገሩትን ሁሉ ማመኑ ነው። እንጉዳይ ደግሞ ሳቂታ ናት፤ ያየችውን ሁሉ አሳምራ ታወራለች።

በሰርጋቸው ሰሞን ጓንጉል «የንጉሡን ከተማ አሳይሻለሁ» ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። እንሂድ ሲሉ ድርቅ መጣ። ለከርሞ ሲሉ በሬው ሞተ። ለከርሞ ሲሉ ልጅ ተወለደ። ያ ልጅ አድጎ፣ ሚስት አግብቶ፣ እሱም በተራው ወለደ፤ እንጉዳይ ግን ከተማውን አላየችም። አንድ ቀን እንኳ አላማረረችም። ጓንጉልን ያንገበግበው የነበረውም ይኸው ነው፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

በመጨረሻ ጥጋብ ሆነ። በሶና ጭኮ ሰነቁ፣ ሦስት አሞሌ ጨው ያዙ። ያኔ ልጆቼ፣ ገንዘብ ማለት ጨው ነበር።

«አንዱ ለማደሪያ፣ አንዱ ለመብል፣ አንዱ ለመመለሻ» አለ ጓንጉል። «ከዚህ በላይ የለንም።»

«ይበቃናል» አለች እንጉዳይ።

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ። መንገድ ላይ ኬላ አገኙ። ማር የጫነ ግብር ይከፍላል፣ እህል የጫነ ይከፍላል፣ ሙክት የሚነዳ ይከፍላል። እነሱን «እናንተ እለፉ» አሏቸው። የጓንጉል ልብ ግን ፈራ። ወደ ከተማ የሚገባ ነገር ሁሉ ይከፈልበታል ማለት ነው ብሎ አሰበ።

ከተማው መግቢያ ላይ ሸጋው የሚባል ሰው ተቀምጧል። ሸጋው ኩታው ነጭ፣ ምላሱ ማር፣ ሥራው ግን የሰው አገር ሰው ማሞኘት ነበር።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! የማየት ግብር ከፍላችኋል?» አላቸው።

«የምን ግብር ጌታዬ?» አለ ጓንጉል።

«የማየት ነዋ! እዚህ ያየ ይከፍላል። ገበያውን ያየ አንድ አሞሌ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያየ አንድ አሞሌ፣ ቤተ መንግሥቱን ያየ አንድ አሞሌ። ሒሳቡ በሰው ነው።»

አንተ ጥግ ያለኸው፣ አትሳቅ። ኬላ ላይ ለማርና ለሙክት ሲከፈል ላየ ሰው፣ ለዓይን መክፈል ምን ይገርመዋል?

ጓንጉል አሰበ፣ አሰበና ሚስቱን ገለል አድርጎ፣ «ላንድ ሰው ይበቃል። አንቺ እዪ። እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ አንቺ ትነግሪኛለሽ» አላት።

«ብቻዬን አይቼ ምን ሊረባኝ! ማደሪያችንስ?»

«ሜዳ እናድራለን። ቃሌን አጥፌ ግን አልሞትም።»

ዓይኑን ድርግም አድርጎ ጨፈነ። እንጉዳይ እጁን ይዛ መራችው። ሸጋው ከኋላ ከኋላቸው ተከተለ።

ገበያው ዘንድ ሲደርሱ አንዱን አሞሌ ሰጡ። «አንተዬ» አለች እንጉዳይ፣ «የበርበሬው ክምር ቤታችንን ያህላል!» ጓንጉል አነጠሰና «እንዴት ያምራል!» አለ።

ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ሲደርሱ ሁለተኛውን ሰጡ። «አንተዬ፣ ጉልላቱ ላይ የሰጎን እንቁላል ተሰክቷል፤ ጨረቃን ያህላል!» ጓንጉል አማተበና «እንዴት ያምራል!» አለ።

በዚህ መሀል ሰው መከተል ጀመረ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚደነቅ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? ውኃ የቀዳችው እንስራዋን አውርዳ አየች። ሸማኔው ሥራውን ትቶ ወጣ። ቄሱ ሳይቀሩ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩ።

ቤተ መንግሥቱ ዘንድ ሲደርሱ የመጨረሻውን አሞሌ ሰጡ። «አንተዬ፣ ግንቡ ደመናውን ገፍቶታል! ደጁን ዝሆን ከነልጇ ትገባበታለች!»

«እንዴት ያምራል!» አለ ጓንጉል።

እንጉዳይ ዞር ብላ አየችው። ጓንጉል ፊቱን ወደ አህያ በረት አዙሮ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ በደስታ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ያን ጊዜ ሆዷ ባባ። ከተማ ማየት ቀርቶባት ከሱ ጋር ቤቷ ብትሆን ተመኘች። አለቀሰች።

እንባዋን ልትጠርግ ዘወር ስትል ሰዉን ሁሉ አየች። አጠገቧ ደግሞ ሸጋው ቆሟል፤ ባሏን እያየ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«በሕግ አምላክ!» አለች እንጉዳይ።

ያኔ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሸጋው ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆንሽ?»

«ያየ ይከፍላል ብለሃል። ከጠዋት ጀምረህ ስታየን ዋልህ። ያየህበትን ክፈል!»

ይህን ብላ የባሏን ኩታ ጫፍና የሸጋውን ኩታ ጫፍ ይዛ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው። የዚያ ዘመን ተሟጋች እንዲህ ተቆራኝቶ ነው ዳኛ ፊት የሚቀርበው። ዳኛውም መንገድ ላይ የተገኘ ሽማግሌ ይሆናል። ዋርካው ሥር የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ይፍረዱን» ተባሉና ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሰሙ።

«ልጄ ሸጋው፣ ግብሩን የጣለው ማነው?» ብለው ጠየቁት።

ሸጋው ጨነቀው። «ንጉሡ» እንዳይል፣ የንጉሡ ደጅ ያው ፊት ለፊቱ ነው። «እኔ» እንዳይል፣ ሌባ ነኝ ማለት ነው።

«ል... ልማድ ነው አባቴ» አለ።

«መልካም። ልማድ ከሆነ ላንተም ይሠራል። ገበያ ላይ አይተሃቸዋል፣ ቤተ ክርስቲያን አይተሃቸዋል፣ እዚህም አይተሃቸዋል። በሰው ነው ብለሃል፤ እነሱ ደግሞ ሁለት ናቸው። ስድስት አሞሌ ክፈል።»

«ኧረ ከየት አመጣለሁ አባቴ! ከነሱ የተቀበልሁት ሦስት ብቻ ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው ሦስቱን መልስ። ለቀረው፣ ኩታህ እንደተቋጠረ ከተማውን አዙረህ አሳያቸው። ቤትህ አሳድራቸው፣ ከማዕድህ አብላቸው። ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ቋጠሮው አይፈታም።»

ሰዉ እልል አለ። ጓንጉል ግን አሁንም ዓይኑን እንደጨፈነ ነው።

«ልግለጠው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ግለጠው እንጂ!» አለችው እንጉዳይ።

ገለጠ። ቤተ መንግሥቱን ከታች እስከ ላይ ቃኘው። ሰዉ ሁሉ ምን ሊል ነው ብሎ አንገቱን አሰገገ።

«እንጉዳይ።»

«ወይ።»

«ይሄማ ትንሽ ነው። አንቺ የነገርሽኝ ይበልጥ ነበር።»

እንጉዳይ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ አዛውንቱም ሳቁ።

ከዚያማ ሸጋውን ባያችሁት! ጓንጉል እንደ አገሩ ልማድ ላገኘው ሰው ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ፣ ከብቱ ደህና፣ አዝመራው ደህና» እያለ ሲቆም፣ ሸጋውም አብሮ ይቆማል። ሲሄድ ይሄዳል። ሲተኛ ይተኛል። የሰፈሩ ሰው «ሸጋው፣ አንተን ማየት ስንት ነው?» እያለ ሳቀበት። ባልና ሚስቱ ጠግበው አይተው፣ ጨዋቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ። ሸጋው ግን ከዚያ ወዲህ በር ላይ አልተቀመጠም።

እናንተም ልጆቼ፣ የሰው አገር ሰው አታታልሉ፤ ነገ እናንተም የሰው አገር ሰው ትሆናላችሁ። አገር ለማየት ስትነሱ ደግሞ ስንቃችሁ ቢያንስ አትፍሩ፤ ያዩትን አሳምሮ የሚነግር ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ ጨረስሁ። ተረቱ የናንተ ነው፤ ለኔ ጉሮሮዬን የማርስበት ውኃ አምጡልኝ።