ቢያድግልኝን ማን ይሸከመው?

፦ ተረት ተረት!
፦ የምሽት በረከት!

ጎሽ፣ የኔ ልጆች። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ፣ እግርሽን ከእሳቱ ሰብሰብ አድርጊ።

በድሮ ዘመን ጠጂቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። አንድ ልጅ ነበራት፣ ቢያድግልኝ ይባላል። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እግሮቹ አይታዘዙለትም። አፉ ግን፣ ኧረ የእሱስ አፍ! ማር ነው። ፊደል መቁጠር አማረውና እናቱን ጠዋት ማታ ነዘነዛት።

ትምህርት ቤቱ ደሞ ዳገቱ ላይ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ። እሷም አዝላ ወሰደችው። መምህሩ የኔታ ልሳኑ ተቀበሉትና ከፊት አስቀመጡት። ግን ልጅ ያድጋል፣ ይከብዳል፤ የእናትም ወገብ ይዝላል። ከዚያም ጠጂቱ መንደርተኛውን ለመነች።

፦ ተይ አታልቅሺ፣ በየተራ እናደርሰዋለን፤ አሏት።

እንዳሉትም አደረጉ። ጎረቤቷ አያ ደመላሽ ቀልደኛ ነው። ልጁን አዝሎ ዳገቱን ሲወጣ እንዲህ ይለዋል፦

፦ አህያህ አደረግኸኝ አይደል? ገብሱስ የታለ?
፦ ዳዊት ስጀምር ለነፍስህ እደግምልሃለሁ፣ አያ ደመላሽ።
፦ ለነፍሴ? የራበኝ ሆዴን ነው እንጂ!

ይሳሳቃሉ።

አንድ ማለዳ፣ በአጨዳ ወራት፣ ያለ ጊዜው ደመና ተነሳ። ጤፉ አልታጨደም። ዝናብ ከመታው ዓመቱ ረሃብ ነው። አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ወደ ማሳ ሮጠ። ጠጂቱም ልጇን ደጃፍ ላይ አስቀመጠችና፣ ተራው የደረሰ ይወስደዋል ብላ ሄደች።

እኩለ ቀን ላይ ቀና ብትል፣ አያ ደመላሽ ከጎኗ ያጭዳል።

፦ አያ ደመላሽ፣ ልጄን አደረስከው?
፦ ኧረ ዛሬ የውቤ ተራ መስሎኝ!
፦ እኔ? አለ ሌላው ባለተራ ውቤ ከወዲያ። ደመናውን አይቼ፣ ዛሬስ እናቱ ታስቀረዋለች አልኩ።

ማጭዱ ከእጇ ወደቀ። ዝናቡም ያን ጊዜ ወረደ።

ሮጠች። ደጃፉ ባዶ ነው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አገኘችው፣ ጭቃ ውስጥ። በእጁ እየተጎተተ ወጥቶ መዳፉ ተልጧል። ከንፈሩ ጠቁሯል።

፦ ምነው ልጄ፣ ምነው ብትቀር?
፦ የኔታ ዛሬ ዳዊት ትጀምራለህ ብለውኝ ነበር፣ እማዬ። ሰው ብጠብቅ ብጠብቅ... ረሱኝ መሰለኝ።

ብርዱ ደረቱ ውስጥ ገባ። ጠጂቱ ቅቤ ቀባችው፣ ጸበል አጠጣችው፤ አልሆነም። ሰንበትን ሳያይ አረፈ።

የቀብሩ ለት፣ ልጆቼ፣ አንድም ሰው አልቀረ። ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ሁሉም ቃሬዛውን እኔ ልያዝ እኔ ልያዝ ይላል። አያ ደመላሽ ከፊት ሆኖ፣ እያለቀሰ ይሸከማል። የሚወጡት ያንኑ የትምህርት ቤት ዳገት ነው። ጠጂቱም መንገዱ መሐል ቆመች።

፦ ይኸን ሁሉ ትከሻ የት አኑራችሁት ነበር? ለልጄ እኮ አንድ ጀርባ ይበቃው ነበር።

 

ከዚያም የኔታ ልሳኑ ትምህርት ቤታቸውን ከዳገቱ አወረዱና ጠጂቱ ደጅ አደረጉት። በየጓዳው የተደበቀ ልጅ ሁሉ ይምጣልኝ አሉ። ዓይኗ የማያይላት መጣች፣ ጆሮው የማይሰማለትም መጣ። ለእሷ በቃል ያስጠኗታል፤ ለእሱ አሸዋ ላይ በጣታቸው ጽፈው ያሳዩታል። ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ መንደሩ ደስ ይለዋል።

ጠጂቱ ግን እንዝርቷን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሐል አንዱን ትፈልጋለች። የለም።

በሉ እንግዲህ፣ ተረቴን ተቀበሉኝ፤ ዳቦ ቆርሳችሁ አጉርሱኝ።