እጅ ያልነካው ሸክላ ማጫወቻ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ አባት ነበሩ፤ ጋሽ ዘርጋው ይባላሉ። አንድ የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ነበራቸው። እንግዳ ሲመጣ ከሙዚቃው በፊት ብሎኖቹን ነው የሚያሳዩት። «እየው፣ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ እጅ አልነካውም» ይላሉ።

አልነካውም፤ እውነት ነው። ግን ያ ማጫወቻ እንዴት ይዘምር ነበር መሰላችሁ? ምሳ ላይ የጀመረው መዝሙር መክሰስ ደርሶም አያልቅም። የዶሮ ጩኸት የተቀዳበት ሸክላ ቢዞርበት በሬ ሆኖ ይወጣል። አጋነንክ አላችሁኝ? እሺ፣ ጥጃ ሆኖ ይወጣል።

ጋሽ ዘርጋው ግን አልታወቃቸውም። ለምን? ማጫወቻው የዘገየው በዓመታት ነው፤ ጆሯቸውም አብሮት ዘገየ።

ከሸክላዎቹ አንዱ ሟች ባለቤታቸው በወጣትነቷ ከመዘምራን ጋር ያስቀረጸችው ነው። ልጃቸውን ስመኝን በወለደች በወሩ አረፈች። ስመኝ የእናቷን ድምፅ የምታውቀው ከዚያ ሸክላ ብቻ ነው። ሰርጓ ሲቃረብ ታዲያ እንዲህ አለቻቸው፤

«አባዬ፣ የእማዬ ድምፅ እንደ ወንድ ወፍራም ነበር አይደል? መልሴ ላይ እናሰማው።»

ጋሽ ዘርጋው ክው አሉ። ያቺ ሴት እኮ ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ጥርት ያለ። ልጃቸው ዕድሜዋን ሙሉ የሌላ ሰው ድምፅ ስትናፍቅ ኖራለች ማለት ነው።

ሬዲዮ ጠጋኝ ጓደኛቸውን በላቸውን ጠሩት። በላቸው ገና ሲሰማው አወቀ፤ ውስጡ ያሉት፣ ለሞተሩ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣጥኑት፣ ትንንሽ በርሜል የሚመስሉት ካፓሲተሮች በድሬ ሙቀት ደርቀው ሞተሩን አዘግይተውታል፤ መቀየር አለባቸው አለ። ጋሽ ዘርጋው ካቻቪቴውን ጨምድደው ያዙበት። ኦሪጅናሉን ልታበላሽብኝ ነው አሉ።

«አንተ ሰውዬ» አላቸው በላቸው፣ «ሐኪም ትርፍ አንጀትህን ሲያወጣልህ ኦሪጅናልነትህ ቀረ?»

ካቻቪቴውን ለቀቁለት።

የመልሱ ዕለት ሸክላው ዞረ። ቀጭን፣ ጥርት ያለ የወጣት ሴት ድምፅ ድንኳኑን ሞላው። ስመኝ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይሄማ የኔ ድምፅ ነው» አለች።

ጋሽ ዘርጋው ዛሬም የደረቁትን ካፓሲተሮች በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ኩራቱ ለቀቃቸው? ኧረ ባሰባቸው! ደረታቸውን ነፍተው «እጅ የነካው ነው» ይላሉ።

እናንተስ ወገኖቼ? «እኔን ማንም ተናግሮኝ አያውቅም» እያላችሁ ብሎናችሁን የምታሳዩ የላችሁም? ልጆቻችሁ የአምላክን ድምፅ መጀመሪያ የሚሰሙት በእናንተ በኩል ነው። እንደ በሬ እያጓራ ደርሷቸው ቢሆንስ? ጌታ ሳጥናችሁን ሊጥለው አልመጣም፤ ሊከፍተው ነው። ካቻቪቴውን ልቀቁለት።

ከዚያ ደረታችሁን ንፉ፤ እጁ የነካችሁ ናችሁ።